ክትፎ ሥጋ አይደለም!

ስሙኝማ! ክትፎ የሥጋ ስም አይደለም። ሆኖም አያውቅም። ዕድሜ ልካችንን ስንበላው፣ እንግዳ ስንጋብዝበት፣ ጥሬ ይሁን ለብለብ እያልን ስንሟገትበት ኖረናል፤ ስሙን ግን ማን ልብ ብሎ አየው? ቃሉን አገላብጡት፣ ውስጡን በርብሩት፤ በሬ አታገኙበትም፣ ወይፈን አታገኙበትም፣ ቀይ ሥጋ ብሎ ነገር የለበትም። የምታገኙት ቢላ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል እጅ ነው። ከተፈ፣ ይከትፋል፣ ክትፎ። በቃ ይኸው ነው! በሥጋነቱ አገር ያወቀው ምግባችን ስሙ ውስጥ አንዲት ጉርሻ ሥጋ የለችም።

«ይህንንማ ማን ያጣዋል? ከተፈን የማያውቅ አለ እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ፣ ግሡን ታውቁታላችሁ። ግን ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ባሕር ተሻግሮ የት እንደተገኘ፣ ጣባው ላይ ከየትኛው እንግዳ ቃል ጋር ጎን ለጎን እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ? እኔ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ እያስቆምሁ ነው የምነግረው። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ከጎመን እንጀምር። አዎ፣ ከጎመን! ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ወልቂጤ ትመጣለች። የመስቀል ሰሞን ከሆነ መርካቶ የሚነግደውም፣ ቢሮ የሚውለውም፣ ውጭ አገር የከረመውም ወደ አገሩ ይገባልና ከተማዋ መላወሻ የላትም። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ መስቀል የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስምና የራሱ ሥርዓት አለው። ደንጌሳት የሚባለው ዕለት የጎመን ክትፎ ይበላል፤ የእርዱ ቀን ወኸምያ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔም አንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዲት ባልቴት ሲሠሩ አያለሁ። የተቀቀለውን ጎመን በሁለት መዳፋቸው ጭምቅ አድርገው ውኃውን አወጡ፤ ጠቅልለው መክተፊያው ላይ አስቀመጡ፤ ቢላውን አነሡና ጀመሩ። ጎመኑ ደቀቀ፣ አሁንም ሰብስበው ገለበጡት፣ አሁንም ደቀቀ። ቅጠል መሆኑ እስኪረሳ ድረስ።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ክትፎ ነዋ፣ ልጄ።»

«ሥጋው የታለ?»

ቢላውን እንኳ አላቆሙም። «ሥጋ ምን አገባው? ይኸው እየከተፍሁ አይደለም እንዴ!»

እኔ እዚያው በርጩማ ላይ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። ምን ያህል ትክክል እንደሆኑ አያችሁ? እኛ የከተማ ሰዎች የጎመን ክትፎ ሲባል የሥጋው ምትክ፣ የጾመኛ ማጽናኛ፣ የክትፎ ታናሽ ወንድም ይመስለናል። የምን ምትክ! የጎመን ክትፎ ከሥጋው ክትፎ የተዋሰው አንዳች ነገር የለም። ሁለቱም እኩል ክትፎ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቢላ የወጡ ናቸው። ይልቅስ ቃሉን ለራሱ ብቻ የወሰደው ሥጋው ነው። «ክትፎ» ብሎ ዝም ሲባል ሥጋ ማለት የሆነው፣ ሥጋው ተወዳጅ ስለሆነ እንጂ ስሙ የእሱ ስለሆነ አይደለም።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሜኑ ስታነቡ ራሳችሁን መያዝ ያቅታችኋል። ጥብስ፦ ጠበሰ። ቅቅል፦ ቀቀለ። ቁርጥ፦ ቆረጠ። ዝልዝል፦ ዘለዘለ። ፍትፍት፦ ፈተፈተ። ሜኑ አይደለም እኮ፣ የግሥ እርባታ ነው! የከብቱ ብልት ስም የሚመጣው ሉካንዳ ቤት ቆመን ሻኛ፣ ጎድን፣ ዳቢት፣ ታናሽ እያልን ስናስመዝን ነው። ወጥ ቤት ከገባ በኋላ ብልቱ ይረሳል፤ የሚጠራው በተደረገበት ነገር ነው። እና ደግሞ ይህችን ስሙልኝ፦ ክትፎ መጨረሻው ላይ ያቺን «ኦ» ይዞ ብቻውን የቆመ ይመስላል አይደል? አይደለም፤ መንታ አለው። ጭብጦ! በእጅ ተጨብጦ የሚጋገረው ትንሹ ዳቦ። ጨበጠ ጭብጦ፣ ከተፈ ክትፎ። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ዜማ፤ አንዱ ከመዳፍ የወጣ፣ አንዱ ከቢላ የወጣ። የመንገደኛ ስንቅ የሆነው ደረቁ ጭብጦና በቅቤ የራሰው ክትፎ በሰዋስው አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ይህን ለወዳጄ በስልክ ብነግረው «እና ምን ይሁን?» አለኝ። ምን ይሁን? ምን ማለት ነው ምን ይሁን!

ወደ ዘመዶቹ እንሂድ። ትግርኛ ተናጋሪ ሽንኩርት ሲያደቅ ከተፈ ይላል፤ ይህ አያስደንቅም፣ ጎረቤት ነው። ባሕሩን ተሻገሩ። የኢብን መንዙር የዓረብኛ መዝገበ ቃላት «ሊሳን አል-ዐረብ» አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን የተጠናቀረ፣ ዓረቦች የድሮ ቃል ሲጠፋባቸው እስከ ዛሬ የሚሮጡበት። «ከ-ተ-ፈ» የሚለው ሥር ዘንድ ሂዱ። ሥጋን ከተፈ ይላል፤ ትርጉሙን ሲሰጥ ደግሞ ትንንሽ አድርጎ ቆራረጠ ማለት ነው ይላል። ሥጋን! ትንንሽ አድርጎ! መካከለኛዋ ፊደል እንኳ ልክ እንደኛው ጠብቃ ነው የምትነበበው። ያንን ቃል ቡታጅራ ገበያ መሐል ቆማችሁ ብትጮኹት ሴቶቹ ዘወር ብለው «ለስንት ሰው?» ይሏችኋል እንጂ ባዕድ ቃል ነው የሚል አይገኝም።

እዚህ ላይ ጥቂት ረገብ ልበል። ያው የዓረብኛ ሥር ሌላም ነገር ይወልዳል፦ ከቲፍ፣ ትከሻ። በዕብራይስጥም ትከሻ ካቴፍ ነው። በግዕዝ ደግሞ ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡና መትከፍት ሆነ። ክትፎ ከትከሻ ሥጋ የመጣ ነው ብሎ ለመዝለል ምን ያህል እንደሚያጓጓ አልደብቃችሁም! ግን አልዘልም። ድምፁ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይሆንም፤ ከተበና ክታብም እኮ ከከተፈ አጠገብ ናቸው፣ ክትባት ከክትፎ ጋር ምን አገናኘው? ሥርወ ቃል የሚጥመው የተገኘውን ሁሉ ስለማይቀበል ነው።

ምን ያህል ዕድለኞች እንደሆንን ለማወቅ የሌላውን አገር ሥጋ ማየት ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄዱ አጎቶቻችን ኮልባሳን ያውቋታል፤ በዶርም ሕይወታቸው ከጥቁር ዳቦ ጋር የተለማመዷት፣ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቃ የምትመጣው ሥጋ። ፖላንዶች ኬውባሳ ይሏታል። የስላቭ ሕዝቦች ቋንቋቸው ገና ሳይለያይ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የመጣች ቃል ናት፤ ግን ከየት? አንዱ ሊቅ ከቱርኮች ናት ይላል፤ «ኩል» አመድ ነው፣ «ባስቲ» ተጫነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ ናት ይላል። ሌላው ደግሞ ከዕብራይስጡ «ኮል ባሳር» ናት ይላል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሥጋ ለባሽ ሁሉ» የሚለው። ሦስተኛው ሁለቱንም አይቀበልም፤ እዚያው ስላቮች ቤት የተወለደች ናት ባይ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የክትፎ አባት ግን አልጠፋም፤ ከጎኑ ቆሞ በየጓዳው በየቀኑ እየሠራ ነው።

አንዳንድ የውጭ ጸሐፊ ክትፎን «የኢትዮጵያ ታርታር» ሲል ደግሞ ደሜ ይፈላል። ታታር የተባሉት ፈረሰኞች ሥጋ ከኮርቻ ሥር አድርገው እየጋለቡ ያለሰልሱ ነበር የሚለው ተረት ነው። ያ የፈረንጆቹ የጥሬ ሥጋ ምግብ ስሙን ያገኘው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሣይ ውስጥ ነው፤ ያውም ከጎኑ ከሚቀርበው የታርታር ማባያ። ከማባያው ስም የተበደረ ምግብ ለእኛው ስም ሊሰጥ!

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ፤ እንዲህ ያሳበደኝ እሱ ነው። ወልፍ ሌስላው። እ.ኤ.አ. በ1906 ክሸፒትሰ በምትባል የፖላንድ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ማለትም እዚያው የኬውባሳ አገር። ቪየና ተማረ፣ ከዚያ ፓሪስ ሄዶ በማርሴል ኮኸን ሥር የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያዘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ፈረንሣይ ውስጥ ካምፕ ገባ፤ ከዚያ አምልጦ በ1942 አሜሪካ ደረሰ። በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ረገጠ። ልብ በሉ፣ አውሮፓ ሕዝቡን ከነቋንቋው ሊያጠፋ ሲያሳድደው የነበረ ሰው፣ ነፍሱ እንደተረፈች የመጣው የሰው ቋንቋ ከመጥፋት ሊያተርፍ ነው። በዚያው ሰሞን ጋፋትኛ የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ አግኝቶ ቋንቋውን ከአፋቸው እየለቀመ ጻፈው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። በ2006 ሲሞት መቶ ዓመት ከሞላው አራት ቀኑ ነበር።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ጀርመን አገር ቪስባደን ላይ ያሳተመው የጉራጊኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት ሦስት ጥራዝ ነው። አንደኛው የየአካባቢውን ንግግር ቃላት ለየብቻ ይዘረዝራል፤ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ጌቶ፣ ሙኸር፣ መስቃን፣ ጎጎት፣ ሶዶ፣ ስልጤ፣ ወለኔ፣ ዛይ፤ አሥራ ሁለት! ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ እነዚህ የሚያደርስ ማውጫ ነው። ሦስተኛው ነው ጉዱ፤ የእያንዳንዱን ቃል ሥር እየማሰ ይህ ከግዕዝ ጋር ነው፣ ይህ ከዓረብኛ ጋር ነው፣ ይህ ከኩሽ ቋንቋዎች የመጣ ነው እያለ ይዘልቃል። (ስልጤ ዛሬ የራሱ ዞን ያለው፣ በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ማንነቱን ያስከበረ ሕዝብ ነው፤ ዛይም እንዲሁ የሐይቅ ሕዝብ ነው። ሌስላው አንድ ላይ ያሰፈራቸው በዘመኑ አጠራር ነው። የቋንቋ ነገር ከተነሣ ስልጥኛ ከቸሃ ይልቅ ለሐረሪ ይቀርባል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው።)

አንዴ ያን ሦስተኛውን ጥራዝ ከገለጣችሁ በኋላ ጉራጊኛ ስትሰሙ ጆሯችሁ ሌላ ጆሮ ይሆናል። ወልቂጤ መናኸሪያ ቆሜ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ ቃላቱ ጭንብላቸውን እያወለቁ ሲያሳዩኝ ዋሉ። አንድ ሁለቱን ልንገራችሁ። ግዕዝ አገኘ ለማለት ረከበ ይላል። ቸሃ ያንኑ ቃል ነከበ ያደርገዋል፤ መነሻዋ ረ ወደ ነ ዞረች፣ ቀሪው እንዳለ ነው። ግዕዝ ገደለ ለማለት ቀተለ ይላል። ቸሃ ቀጠረ! ለ ወደ ረ ዞረች፣ ተ ወደ ጠ ጠነከረች። እንግዲህ ቸሃ የሚናገር ሰው «ቀጠረው» ሲል ብትሰሙ ሥራ ሰጠው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ይህም ሳያንስ፣ ገደለ የነበረውን ተገደለ ለማድረግ እኛ «ተ» እንጨምራለን፤ ቸሃ ከንፈሩን ያሞጠሙጣል። ቀጠረም የነበረው ቈጠሪም ይሆናል። የግሡ ድርጊት ባለቤቱን አጥቶ ሲቀር ለዚያ አንዷ ማስረጃ የከንፈር ክብ ናት! ክቧም ዝም ብላ አታርፍም፤ ከግሡ መጨረሻ ጀምራ ወደ መነሻው እየፈለገች መሞጥሞጥ የምትችለዋ ፊደል ላይ ታርፋለች። ነከሰ ላይ ከ ናት፣ ቀጠረ ላይ ቀ ናት። ከተፈ ላይስ? ፈ! ሥጋው ሲከተፍ ፈ ከንፈሯን ታሾላለች። ይህን ሕግ ይዞ ጆን ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ቸሃ ግሥ ጥናት ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የድምፅ ሥርዓትን የሚያጠና ተማሪ፣ ጉራጌ አገር የት እንዳለ ባያውቅ እንኳ፣ ከቸሃ ግሥ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። በቶኪዮም ሆነ በቦስተን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ የሚችል ነገር የእነሞርና የቸሃ ሕፃናት ጠጠር እየተጫወቱ የሚናገሩት ነው።

ቆይ፣ ዋናውን ገና አልነገርኋችሁም። ጣባው ላይ ያለው ክትፎ ብቻ አይደለም።

ክትፎ ያለ ቆጮ ወጉ አይሞላም። ቆጮ ከእንሰት ነው፤ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ወራት ቆይቶ፣ ሲበስል ተቆራርጦና ተነፍቶ በኮባ ቅጠል ላይ የሚጋገር። ዊልያም ሻክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው ያለ ነገር አይደለም። የዘወትሩ ምግብ እሱ ነው፤ ሥጋ የበዓል ነው። ይህን የዘወትር እንጀራ ቸሃዎች ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ውሳ። አሁን መኪና ተሳፈሩና ወደ ደቡብ ውረዱ። ሀዲያ ግቡ፦ ዋሳ። ከምባታ ግቡ፦ ዋሳ። ሲዳማ ግቡ፦ ዋሳ! እነዚህ ሁሉ የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። የሴም ቋንቋ የሚናገረው ጉራጌ ለሥጋው ቢላ ከትግርኛና ከዓረብኛ ጋር የሚጋራውን ጥንታዊ ግሥ ይዞ ቀረ፤ የእንሰቱን እንጀራ ግን ከነስሙ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ተቀበለ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አቀረባቸው። አንድ ቁራሽ ውሳ አንሥታችሁ ክትፎውን ጠቅልላችሁ ስትጎርሱ፣ ሁለት ታላላቅ የቋንቋ ቤተሰቦች አፋችሁ ውስጥ ተገናኝተዋል። በአንድ ጉርሻ! እስቲ የትኛው ቤተ መዘክር ነው ይህን በዚህ ዋጋ የሚያሳያችሁ?

ሚጥሚጣውም ዝም አይበል። ያ የሚያቃጥል ቃሪያ ዘሩ የአሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ አትላንቲክን ሳይሻገር በፊት በአፍሪካ ምድር አልነበረም። ስለዚህ ከተፈ የሚለው ግሥ ሚጥሚጣ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ብዙ ዘመን ከትፏል። ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ ክትፎ አይደለም ለሚለው ወዳጄ ይህንን ነግሬው እስካሁን አኩርፎኛል።

ቡታጅራ ስደርስ ነገሩ ሁሉ ዓይኔ ሥር ተሠራ። ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ያለችው፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ለቃል አዳኝ ገነት ናት። በገበያ ቀን አንድ ጥግ ይዞ የቆመ ሰው መስቃንኛ ይሰማል፣ ዶቢኛ ይሰማል፣ ስልጥኛ ይሰማል፣ ከወደ ሶዶ የመጣው ክስታንኛውን ይዞ ያልፋል፣ ማረቆዎቹ ደግሞ የኩሽ ቋንቋቸውን ይዘው ቃሪያ ያስመዝናሉ። እኔ ግን ክትፎ ቤት ጓዳ ገብቼ አንዲት ሴት ሥራዋን እንድታሳየኝ ለመንኋት። «ግባ ወንድሜ፣ እጅህን ታጠብና ዳር ቁም» አለችኝ።

ቀዩን ሥጋ ግንዱ ላይ ዘረጋችው። መጀመሪያ የነካችው በቢላ አይደለም፣ በጣት ነው፤ ሽፋኑን ገፈፈች፣ ስቡን አወጣች፣ ጅማቱን እየተከተለች ሳበች። ከዚያ በቀጭኑ ዘለዘለችው፤ ዝልዝሉን አሰልፋ በአግድም ቆረጠችው፤ ቀጥሎ የቢላውን ጫፍ ግንዱ ላይ ተክላ ተረከዙን ታንቀሳቅስ ጀመር። ትሰበስባለች፣ ትገለብጣለች፣ እንደገና። መሐል ላይ አቁማ ዓይኗን አስጠጋችና ነጭ ክር የመሰለች ቅሪት ጅማት በሁለት ጣት ነቅላ ጣለች። እኔ አላየኋትም ነበር። ቅቤው እሳት ዳር ቀልጦ ይጠብቃል፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ቤቱን አውደውታል፤ ትኩስ እንጂ የሚፋጅ አይደለም፣ ሥጋውን እንዳያበስለው። ሚጥሚጣ ነሰነሰች፣ ቅቤውን አፈሰሰች፣ በእጇ አሸች፣ ጣባ ላይ አደረገች።

«በማሽን አይሻልም? ይፈጥናል እኮ» አልኋት ሆን ብዬ፣ ልቆሰቁሳት።

«ማሽንማ ይፈጫል። ይጨምቀዋል፣ ደሙን ያወጣዋል፣ ጅማቱንም አብሮ ይፈጨዋል። ያ የተፈጨ ሥጋ ነው፤ ክትፎ ብለህ አትጥራው።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም! መዝገበ ቃላት አላየች፣ ሥርወ ቃል አልተማረች፤ ግን ሌስላው በሦስት ጥራዝ የደከመበትን ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ፈረደችበት። ስሙ የድርጊት ስም ከሆነ ድርጊቱ ሲቀየር ስሙ መሄድ አለበት። በማሽን የመጣውን ከፈለጋችሁ «ፍጭቶ» በሉት፤ ቆንጆ ቃል አይደለም፣ ግን እውነተኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ክትፎ ባዘዝሁ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ጓዳ ነው የምቀስረው። ቢላ ግንድ ላይ ሲመታ ካልሰማሁ ሂሳቡን እከፍላለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። ተስተናጋጆች ጨቅጫቃ ይሉኛል፤ ይበሉኝ!

እና አንድ ልመና አለኝ። ያ መዝገበ ቃላት ፍቺው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቃላቱ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ቃሉን የሰጡት እናቶች ልጆች ሊያነቡት የሚገባቸው በራሳቸው ፊደል ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ቸሃው፣ እዣው፣ እነሞሩ አለ፤ ከበሩ ወጥቶ የማይገኝ ቃል የለም። መምህራኑና ተማሪዎቹ በየመንደሩ ወርደው አንድ ጥራዝ እንኳ በግዕዝ ፊደል፣ ከአማርኛ ፍቺ ጋር ቢያወጡልን ቀድሜ ተሰልፌ የምገዛው እኔ ነኝ። ሥራው ሰፊ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ እንደ ደንቡ ከ«ሀ» አትጀምሩብን፤ ከ«ከ» ጀምሩ!